ዘይቱ የደንገጎን ዳገት አልፎ ሐረር ሲደርስ ለምን ረጋ?

ጥያቄው የመጣው ሐረር ከምትማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«መምህር፣ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ምዕራፍ ሊያሳብደኝ ነው። አልኬን፣ አልኪን፣ አልካይን፣ አልኮል፣ ኢተር፣ አልዲሃይድ፣ ኪቶን፣ አሲድ፣ ኤስተር እያለ ማለቂያ የለውም። በየሥሩ ደግሞ የሚቀልጥበትና የሚፈላበት ሙቀት ሰንጠረዥ አለ። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ ወይ? ሌላው፣ እናቴ ከድሬዳዋ በጄሪካን የምግብ ዘይት አምጥታ ነበር። እዚያ ስትገዛው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ሐረር አንድ ሌሊት ባደረ በማግስቱ ግማሹ ነጭ ሆኖ ረጋ። እናቴ ‹አጭበርብረውኛል› ብላ ተናዳለች። ይሄ ነገር ከትምህርቱ ጋር ይገናኛል? እርስዎ ቢያስረዱኝ።»

መጀመሪያ «እርስዎ»ን ተይው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው። ንቀት አይደለም፣ አፋችን የተፈታው እንደዚያ ነው። አንቺም አንተ በይኝ።

ሁለቱ ጥያቄዎችሽ እንደ እውነቱ አንድ ናቸው። የእናትሽ ጄሪካን ውስጥ የምዕራፉ ግማሽ አለ። ግን ከዘይቱ አልጀምርም፤ ዞሬ እመጣበታለሁ።

መሸምደዱን ደግሞ እርሺው። እኔ ሞክሬው አይቼዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ሰንጠረዡን እንደ ዳዊት በቃሌ ወጣሁት። ፈተናው ላይ ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ውህድ መጣና ዓይኔ እያየ ቀረሁ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፈሳሽ ሲፈላ ሞለኪዩሉ የሚሰባበር ይመስለዋል። አይደለም። ሠርግ ቤት አስቢ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። ድግሱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ሰው ከሰው ነው የሚለያየው እንጂ ማንም እጁና እግሩ አይገነጠልም። መፍላትም እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪዩል ሙሉ አካሉን ይዞ ከጎረቤቱ ይለያል። ስለዚህ «ይሄ ነገር በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ማለት «ጎረቤታሞቹ ምን ያህል ተያይዘዋል?» ማለት ነው። ምን ያያይዛቸዋል፣ ምን ያህል ረጅም ናቸው፣ ቅርጻቸውስ እርስ በርስ ይገጣጠማል ወይ? ይህን ብቻ እየጠየቅሽ ሂጂ።

ስለ ካርቦን ብዙ አልልም፤ መጽሐፍሽ በቂ ብሏል። ካርቦን አራት እጅ አለው። በአራቱም ይይዛል፣ ከራሱ ዓይነት ጋርም ረጅም ሰንሰለት ይሠራል። ድሮ «ኦርጋኒክ» የሚባለው ነገር ሕይወት ካለው አካል ውጪ አይገኝም ይባል ነበር። ፍሬድሪክ ዎለር የተባለው ጀርመናዊ በፈረንጆች 1828 ዩሪያን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራና ነገሩ ተናጋ። ዛሬ ያው ዩሪያ በጆንያ ማዳበሪያ ሆኖ ገበሬው እጅ ይገባል።

አሁን ወደ ቀላሉ ቤተሰብ እንሂድ። ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ያላቸው፣ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት። እነዚህን ለማየት ድሬ ጥሩ ቦታ ናት። ከጅቡቲ በኩል የሚገባው ነዳጅ በቦቴ ያልፋል። ቤት ውስጥ ሲሊንደር አለ፤ ውስጡ ያለው በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ ሦስትና አራት ካርቦን። የባጃጅ ልጆች በሃይላንድ የሚይዙት ቤንዚን ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ገደማ ካርቦን ያላቸው ድብልቅ ነው። ላምባ ከዚያ ይረዝማል። ናፍጣ ከላምባም ይረዝማል። መብራት ሲጠፋ የምታበሪው ሻማ ሃያና ከዚያ በላይ ካርቦን አለው። መንገዱ ላይ የሚፈሰው ሬንጅ ደግሞ የመጨረሻው ጭቃ ነው። ጋዝ፣ በኖ የሚጠፋ ፈሳሽ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ጠጣር። ሁሉም የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ዋናው ልዩነት ርዝመት ነው።

ቁጥሩ ይህን ይናገራል። ሜቴን ከዜሮ በታች በ162 ዲግሪ ይፈላል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42። ቡቴን ዜሮ አካባቢ። ፔንቴን በ36፣ ሄክሴን በ69፣ ኦክቴን በ126። አየሽው አይደል? ካርቦን በተጨመረ ቁጥር ይወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በነዚህ ሞለኪዩሎች መካከል ያለው መሳሳብ በጣም ደካማ ነው፣ ግን በየቦታው አለ። ገጠር ሄደሽ ጨጎጎት ቀሚስሽ ላይ ተጣብቆብሽ ያውቃል? አንዱን በጣትሽ ጫፍ ትነቅይዋለሽ። ሙሉ ጠርዙን ከያዘሽ ግን ግማሽ ቀን ያስቀምጥሻል። ረጅም ሰንሰለት ብዙ ጨጎጎት አለው።

ቅርጽስ? አምስት ካርቦንና አሥራ ሁለት ሃይድሮጂን በሦስት መልክ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ቀጥ ያለው ፔንቴን በ36 ዲግሪ ይፈላል። አንድ ቅርንጫፍ ያለው በ28። እንደ ኳስ የተድበለበለው፣ ኒዮፔንቴን የሚባለው፣ በ9.5። ክብደታቸው አንድ ነው። ኳስ ከኳስ ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ ይነካካል፤ ዱላ ከዱላ ጋር ግን ሙሉ ጎኑን ያስጠጋል። ይሄ ነጥብ ፈተና ላይ ይወደዳል።

አልኬን፣ አልኪን፣ አልካይን ብለሽ የተጨነቅሽባቸው ሦስቱ ደግሞ፣ ፈታኝ ይወዳቸዋል እንጂ በሚፈሉበት ሙቀት ብዙም አይራራቁም። ነጠላ፣ ድርብና ሦስት እጥፍ ትስስር ነው ልዩነታቸው። ያ ልዩነት ጉልበቱን የሚያሳየው በኬሚካላዊ ባህሪያቸው ላይ ነው። የሁለት ካርቦኑ አልካይን አሴቲሊን ነው፣ በያጁ ከኦክስጅን ጋር አቀጣጥሎ ብረት የሚቆርጥበት። የሁለት ካርቦኑ አልኪን ኤቲሊን ነው፣ ሙዝ ራሱን የሚያበስልበት ጋዝ። ድርብ ትስስር ግን አንድ ቦታ ላይ በአካላዊ ባህሪም ትልቅ ሥራ ይሠራል። እሱን ለዘይቱ አቆይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። በአማርኛ «ቤንዚን» የምንለው ሁለት ነገር ነው። ማደያ የሚቀዳው ድብልቅ አንዱ። ስድስት ካርቦን በቀለበት የተያያዙበት፣ በ80 ዲግሪ የሚፈላው ነጠላ ውህድ ሌላው። ሁለተኛው ካንሰር አምጪ ነው። ማደያው ቤንዚን ውስጥም በትንሹ ይገኛል፣ ስለዚህ ልጆች ከሃይላንድ በአፋቸው ስበው ሲያንቆረቁሩ ሳይ ደሜ ይፈላል። የአክስቶችሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ናፍታሊን ሁለት እንደዚህ ያለ ቀለበት ጎን ለጎን የተጣበቀበት ነው። የሚቀልጠው በ80 ዲግሪ ነው፤ ግን ሳይቀልጥም ቀስ እያለ ወደ ጋዝ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከዓመት በኋላ ስትፈልጊው የምታጪው።

አሁን የምዕራፉ ልብ ላይ ደረስን። አምስት ውህዶች ልስጥሽ። የሞለኪዩል ክብደታቸው ከ44 እስከ 46 ነው፣ እኩል በይው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ይፈላል። ዳይሜቲል ኢተር ከዜሮ በታች በ24። አሴታልዲሃይድ በ20። ኢታኖል፣ ማለትም አልኮሉ፣ በ78። ፎርሚክ አሲድ በ101። ይሄ አሲድ ስሙን ያገኘው በላቲን ጉንዳን ከሚለው ቃል ነው፤ ጉንዳን ነክሳሽ ካቃጠለሽ አውቀሽዋል። በክብደት እኩል ሆነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 143 ዲግሪ ይራራቃሉ። ርዝመት አይደለም እንግዲህ። መያያዣው ነው የተለየው።

ፕሮፔን ጨጎጎት ብቻ አለው። ኢተሩ መካከሉ ላይ ኦክስጅን አለ፣ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ያደላ ኤሌክትሪካዊ ጠባይ ይሰጠዋል፣ ግን ብዙ አይደለም። አልዲሃይዱ ውስጥ ኦክስጅን ከካርቦን ጋር በድርብ ታስሯል። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ አጥብቆ ይስባል፤ አንዱ ጫፍ አሉታዊ፣ ሌላው ጫፍ አዎንታዊ ይሆናል። ጎረቤታሞቹ ጫፍ ለጫፍ ይፈላለጋሉ። አልኮሉ ላይ ስትደርሺ ግን ነገር ይቀየራል። እዚያ ሃይድሮጂን ቀጥታ ኦክስጅን ላይ ተቀምጣለች። ምስኪኗ ሃይድሮጂን ያላት አንዲት ኤሌክትሮን ነች። እሷንም ኦክስጅን ጎትቶ ሊወስድባት ምንም አይቀረው። ራቁቷን የቀረችው ሃይድሮጂን የጎረቤቱ ኦክስጅን ላይ ትለጠፋለች። ሃይድሮጂን ትስስር የሚባለው ይሄ ነው። አሲዱ ደግሞ ሁለቱንም አለው፣ ድርብ ኦክስጅኑንም ሃይድሮጂን የተቀመጠችበትንም። ሁለት ሞለኪዩሎች ፊት ለፊት ቆመው በሁለት እጅ ይጨባበጣሉ።

እንግዲህ ኢታኖልና ዳይሜቲል ኢተርን ጎን ለጎን አድርጊ። ሁለቱም ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጂን፣ አንድ ኦክስጅን ናቸው። የተቀየረው የኦክስጅኑ መቀመጫ ብቻ ነው። አንዱ ላይ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሃይድሮጂን ይይዛል፣ ሌላው ላይ መሀል ገብቶ ሁለት ካርቦን ይይዛል። ለዚህች የመቀመጫ ለውጥ 102 ዲግሪ ተከፈለባት።

ኢተር ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ እያለሁ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስሙ ይቅር። ዳይኢቲል ኢተር ፍሪጅ ውስጥ ነበር የምናስቀምጠው። ግንቦት ላይ መብራት ጠፋ፣ ፍሪጁም ሞቀ። አንዱ ጎበዝ ጠርሙሱን አውጥቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ከምሳ ስንመለስ ክዳኑ ወለል ላይ ነው፣ ክፍሉ በጣፋጭ ሽታ ታፍኗል። መጽሐፉ «በ35 ዲግሪ ይፈላል» ይላል። የድሬ ግንቦት ደግሞ 35ን ያውቀዋል። በዚያ ላይ የመጽሐፉ ቁጥር በባህር ጠለል ላይ የተለካ ነው። እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ የሚጫነው ያነሰ ስለሆነ ኢተሩ 31 አካባቢ ላይ ይፈላል። ጠርሙሱ በጥላ ውስጥ፣ ያለ እሳት፣ ዝም ብሎ ፈላ። የኢተር ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ እሳት ፍለጋ እንደሚዞር እባብ በይው። ያን ቀን ክብሪት የጫረ ሰው ባለመኖሩ ተረፍን።

ከዚህ ጋር አያይዤ፣ ሰንጠረዡን ስታዪ ይህን አትርሺ። ውሃ በ100 ይፈላል ተብሎ ተጽፏል። ድሬ ላይ 96 አካባቢ ነው የሚፈላው። እናንተ ጋ፣ ሐረር፣ 94 አካባቢ። ባቄላው ሐረር ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው ወዶ አይደለም።

ወደ አልኮል እንመለስ። ቤት ውስጥ ልትሠሪው የምትችይ ሙከራ አለ። እኔ ለተማሪዎች ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳ ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የማሳያቸው። አንድ የመስኮት መስታወት ስባሪ እወስዳለሁ። አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፤ አሴቶን ያለበት ዓይነት። አንድ ጠብታ ከፋርማሲ አልኮል። አንድ ጠብታ ግሊሰሪን፣ ያው ለከንፈርና ለተረከዝ የሚገዛው። አሴቶኑ ገና ጠርሙሱን ሳልከድን ጠርዙ ይሸሻል። ይጠባል፣ ይጠባል፣ ጭራሽ ይጠፋል፤ መስታወቱ ላይ ምንም አይቀርም። አልኮሉ ይዘገያል። መጀመሪያ ክብ ነው፣ ከዚያ ይሸበሸባል፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን የውሃ ቅሪት ይተዋል፤ የፋርማሲው አልኮል 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቀሪው ውሃ ነው። ግሊሰሪኑ? ንቅንቅ የለም። ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ ያው ተቀምጧል። መስታወቱን ሳዘነብለው እንደ ማር እየተጎተተ ይወርዳል።

ምክንያቱን በሦስት ካርቦን ልቁጠርልሽ። ፕሮፔን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ጥምር የሌለው፣ ከዜሮ በታች 42። አንድ ጥምር ሲገባበት ፕሮፓኖል ይሆናል፣ 97 ዲግሪ። ሁለት ሲገባ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ 188። ሦስት ሲገባ ግሊሰሪን፣ 290። አጽሙ ያው ሦስት ካርቦን ነው። በየጥምሩ የመያዣ እጅ ይጨመራል። ወፍራምነቱም ከዚያ የመጣ ነው። ሞለኪዩሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ለመንሸራተት ሲሞክሩ ይያያዛሉ። ስኳር ላይ ስትደርሺ ጥምሩ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ስኳር አይፈላም። ጎረቤቱን ከመልቀቁ በፊት ራሱ ይፈርሳል። ድስት ላይ የሚጠቁረው፣ ካራሜል የሚሆነው፣ ለዚህ ነው። የሠርግ ቤቱ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ተሰበረ፤ አንዳንድ ሰው ከድንኳኑ አልወጣም ብሎ እዚያው ይሞታል።

ውሃ ውስጥ መሟሟትም ከዚሁ ይመጣል። ውሃ ራሱ በሃይድሮጂን ትስስር የተያያዘ ነው። ሊያስገባሽ የሚፈቅደው እጅ ካለሽ ነው። ሜታኖል፣ ኢታኖልና ፕሮፓኖል ከውሃ ጋር በፈለግሽው መጠን ይቀላቀላሉ። ቡታኖል ላይ ሲደርስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 7 ግራም ገደማ ብቻ ይቀበላል። ሄክሳኖል ላይ አንድ ግራምም አይሞላም። አንድ እጅ ይዞ ረጅም ጭራ የሚጎትት ሞለኪዩል ውሃ ቤት ሲገባ በጭራው ሰው ይረብሻል።

ሜታኖልን ካነሳሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። በ65 ዲግሪ ይፈላል፣ ከኢታኖል ብዙም አይርቅም። በዓይን አይለይም፣ በሽታም ማመን አይቻልም። ግን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ምንነቱ ያልታወቀ አልኮል ማንም እንዳይቀምስ።

አቸቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ሁለት ካርቦን ብቻ ይዞ በ118 ይፈላል። ንጹሑ በ16.6 ዲግሪ ይረጋል። ድሬ ላይ መርጋቱን አላየሁትም ብልሽ እመኚኝ፤ ሐረር በብርድ ሌሊት ይቻላል። አሁን ከአሲዱ ላይ ያቺን ሃይድሮጂን አንሥተሽ በምትኳ የካርቦን ጭራ አድርጊ። ኤስተር ሆነ። የሚጨበጥበት እጅ ተቆረጠ። አራት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጂንና ሁለት ኦክስጅን ያላቸውን ሁለት ውህዶች አወዳድሪ። ቡታኖይክ አሲድ በ164 ይፈላል፤ የከረመ ቅቤ ሽታ የሱ ነው። ኤቲል አሲቴት፣ ኤስተሩ፣ በ77 ይፈላል፤ ሽታው ጣፈጥ ያለ፣ ወደ ፍራፍሬ የሚያደላ። ኤስተሮች ጎረቤት ስለማይዛቸው ቶሎ ይበራሉ፣ አፍንጫሽ ጋ ይደርሳሉ። የሙዝ ሽታ ያለው ከረሜላ በልተሽ ከሆነ ኤስተር ነው የሸተተሽ።

በመጨረሻ ወደ ጄሪካኑ።

የምግብ ዘይት ራሱ ኤስተር ነው። አንድ ግሊሰሪን ሦስት እጁን ዘርግቶ ሦስት ረጃጅም የሰባ አሲድ ጭራዎች ይዟል። ጭራዎቹ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 18 ካርቦን ናቸው። ሁሉም ነገር ጭራዎቹ ላይ ነው ያለው። ባለ18 ካርቦኖቹን ብቻ እንይ። ስቴሪክ አሲድ ድርብ ትስስር የለውም፣ ቀጥ ያለ ነው፤ በ69 ዲግሪ ይቀልጣል። ኦሌይክ አሲድ መሀሉ ላይ አንድ ድርብ ትስስር አለው፤ በ13። ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት አለው፤ ከዜሮ በታች በ5። ርዝመታቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸውም እንደዚያው። ምን ሆነ?

የማገዶ እስር አይተሽ ታውቂያለሽ። ከገጠር በሴቶች ጀርባ፣ በአህያና በግመል የሚመጣው። ቀጥ ያለ እንጨት ሲታሰር ይጠጋጋል፣ ገመዱ ይጠብቃል፣ ክፍተት የለውም። ጎባጣ እንጨት ከገባበት ግን እስሩ ይላላል። ድርብ ትስስሩ ጭራውን መሀሉ ላይ ያጎብጠዋል። ጎባጦቹ አይጠጋጉም፣ ስለዚህ ለመርጋት ብዙ ብርድ ይፈልጋሉ። ማስረጃውን ከፈለግሽ፣ ኢላይዲክ አሲድ የሚባል አለ። እንደ ኦሌይክ ሁሉ አንድ ድርብ ትስስር አለው፣ በዚያው ቦታ። ግን ከድርብ ትስስሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የጭራው ክፍሎች በተቃራኒ ጎን ስለወጡ ጉብጠቱ ቀና ብሏል። እሱ የሚቀልጠው 45 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጉዳዩ የድርብ ትስስሩ መኖር ሳይሆን ያመጣው ጉብጠት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ሲስና ትራንስ ብለሽ የተማርሽው ይሄው ነው፤ ኦሌይክ ሲስ፣ ኢላይዲክ ትራንስ።

ገበያ ላይ «የሚረጋ ዘይት» የምንለው በአብዛኛው ፓልም ነው። ከጭራዎቹ ግማሽ ያህሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ድንበር ላይ የተቀመጠ ዘይት ነው፤ ሲሞቅ ፈሳሽ፣ ሲበርድ ጠጣር። የድሬ መጋዘን ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ሌሊት ሹራብ በሚያስለብስ አየር ሲያድር ይረጋል። «ግማሹ ረጋ» ያልሽኝም ትርጉም አለው። ንጹሕ ውህድ ቢሆን በአንድ ሙቀት ላይ እኩል ይረጋ ነበር። ዘይት ግን የብዙ ዓይነት ሞለኪዩል ድብልቅ ነው። ቀጥ ያሉ ጭራዎች የበዙባቸው ቀድመው ነጭ ሆነው ይወርዳሉ፣ ጎባጦቹ ፈሳሽ ሆነው ላይ ይቀራሉ።

እናትሽ ተጭበርብራለች ወይ ላልሽው፣ መርጋቱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ጄሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቢው። ፓልም የሚል ከሆነ ወይም ነጋዴው «የሚረጋ ነው» ብሎ ከሸጠላት ዘይቱ ሥራውን ነው የሠራው። የባቢሌ ኦቾሎኒ ዘይት ነው ብሎ ከሸጠላት ግን እናትሽ ልክ ነች። የኦቾሎኒ ዘይት ጭራዎች በብዛት ጎባጣ ናቸው፤ በሐረር ብርድ እንደዚያ ነጭ ሆኖ አይረጋም። ያን ጊዜ ጄሪካኑን ይዛ ደንገጎን ትውረድ። ችግሩ፣ ድሬ ስትደርስ ተመልሶ ይቀልጥባታል። ሐረር እያለ በስልክ ፎቶ አንሺው።

ለምግብ ከሆነ ደግሞ ጄሪካኑን ፀሐይ ላይ አውጪው። እሳት አጠገብ አታስጠጊው፣ ፕላስቲኩ ይበላሻል። ከቀለጠ በኋላ በደንብ አናውጪው። ሳታናውጪ ከላይ ከላይ ከቀዳሽ መጀመሪያ ፈሳሹን ትጨርሻለሽ፣ የሚረጋው ለወሩ መጨረሻ ይቀርሻል።

ስለ ኪቶን፣ ማለትም ድርብ ኦክስጅን የያዘው ካርቦን በሁለት ካርቦኖች መካከል ስለተቀመጠበት ውህድ፣ ጠይቀሽኝ አሴቶንን በጠብታ ብቻ አልፌዋለሁ። በ56 ዲግሪ ይፈላል፣ ከውሃም ከዘይትም ጋር ይስማማል። በዚህ በሐረርጌ ሁሉም ሰው ሳያውቀው የሚያውቀው ኪቶን ግን ሌላ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኪቶን ነው፣ ጎኑ ላይ አሚን የሚባል ናይትሮጂን ያለበት ጥምር የተቀመጠበት። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ካቲን ይቀየራል። ካቲን አልኮል ነው። ልዩነቱ ሁለት ሃይድሮጂን ብቻ፤ ድርብ ትስስር የነበረው ኦክስጅን ሃይድሮጂን ተቀምጣበት ነጠላ ይሆናል። ጉልበቱም ይወርዳል። ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ የሚነሡት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት፣ የጠዋቱ ጫት ማታ ላይ ዋጋ የሚያጣው፣ በነዚያ ሁለት ሃይድሮጂኖች ምክንያት ነው። ጫት ቃሚ ነሽ ማለቴ አይደለም፣ እናትሽ እንዳትቆጣኝ።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ያ ክዳኑን ያፈነዳው ዳይኢቲል ኢተር ክብደቱ 74 ነው፣ በ35 ይፈላል። ፔንቴን 72 ነው፣ በ36 ይፈላል። ቡታኖል 74 ነው፣ ከኢተሩ ጋር ፎርሙላው ሳይቀር አንድ ነው፣ በ118 ይፈላል። ኢተሩ ኦክስጅን እያለው እንደ ፔንቴን ሆነ። ውሃ ውስጥ ስትከቻቸው ግን ኢተሩ የሚሟሟው ከቡታኖል ጋር እኩል በሚባል መጠን ነው፣ 100 ሚሊ ሊትር ላይ 7 ግራም አካባቢ። ፔንቴኑ ደግሞ ውሃውን ዞር ብሎም አያየውም። ሲፈላ ፔንቴንን የመሰለው ኢተር ውሃ ውስጥ ለምን ቡታኖልን መሰለ? መጽሐፍ ሳትገልጪ አስቢበትና ጻፊልኝ። ፍንጭ ልስጥሽ፦ ኢተሩ የራሱ ሃይድሮጂን ባትኖረውም፣ ውሃ የምትዘረጋለትን መቀበል ይችላል።